ይታይሽ «እሺ» የምትለው መቼ ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«በጎጃም የሚካሄድ የፋንታሲ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ቦታው ሰከላ። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ይታይሽ ትባላለች። 19 ዓመቷ ነው፤ ገና አላገባችም። ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ሳይናዘዙ የሞቱ ሰዎች ድምፅ ይሰማታል። ድምፁ ሲመጣባት ትወድቃለች፤ ትንቀጠቀጣለች። ስጦታውን አትፈልገውም፤ እንደ ሰው ተራ ኑሮ መኖር ነው የምትፈልገው። ምዕራፍ 20 ላይ ጮቄ ተራራ ትወጣለች። እዚያ አንዲት መነኩሲት ‹አንቺ የተመረጥሽ ነሽ› ትላታለች። ይታይሽም አልቅሳ ትቀበለዋለች። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ በሙሉ ‹እዚህ ጋ አላሳመንሽንም› አሉኝ። መቀበሏን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ግን ምዕራፍ 20ን አሥር ጊዜ ብታሻሽዪው አይድንም። ስህተቱ ያለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ይታይሽ ድምፁን እንደሰማች ራሷን የምትጠይቀው «ይህን ስጦታ ልቀበለው ወይስ ልተወው?» ብላ ነው። እንዲህ ብላ ከጠየቀች ነገሩ የራሷ እንደሆነ፣ ሰጪውም ደግ እንደሆነ አስቀድማ አምናለች ማለት ነው። የሰከላ ልጅ እንዲህ አትጠይቅም። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚለው «ከማን ነው?» ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ «ስጦታ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ከመጽሐፉ አውጪው። በጣም ሰፊ ቃል ነው፤ ብዙ ነገር ይደብቅብሻል። ቄሱ «ጸጋ ነው» ቢሉ አንድ ነገር ነው። ጎረቤቷ «ዛር ነው፤ እናቷም ነበረባት» ብትል ሌላ ነው። አንዱ ክፉ ሰው «ድግምት ተምራ ነው» ቢል ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። እያንዳንዱ ስም የራሱ የመቀበያ መንገድ አለው። ጸጋ ያለው ሰው ይደብቀዋል፤ ውዳሴ ከንቱን ይፈራል፤ «እኔ ምን አለኝና» ይላል። ዛር ያደረባት ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች፤ ይጋልባታል። እሷን በተመለከተ የሚደረገው ድርድር ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሽቶ ይላል፤ ቡና ይላል፤ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ይላል። ተሰጥቶት ይረጋል እንጂ ሄዶ አይቀርም። ድግምት ደግሞ በፈቃድ የሚማሩት ነው፤ «አልፈልግም» የሚባል ታሪክ የለውም።

አየሽ? ይታይሽ ምኑን እንደምትቀበል ሳታውቅ ልትቀበል አትችልም። አንባቢሽም እንደዚያው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሲሶ በዚህ ይሙላ። እናት አንድ ነገር ትበል፤ አባት ሌላ፤ ቄሱ ሌላ። ማንም እርግጠኛ አይሁን። አንቺም ቶሎ አትፍረጂ።

አሁን አንቺ እጅ ላይ ስላለው፣ ግን ስላልተጠቀምሽበት ነገር ልንገርሽ። ሰከላ ነው ያልሽው። የዓባይ መነሻ ግሽ ዓባይ ያለው ሰከላ ነው። ቦታው ጠበል ነው። አንቺ ግን ከየትኛውም ተራራ ሥር ሊፈልቅ የሚችል ስም የሌለው ምንጭ ነው የጻፍሽው። ይታይሽን የያዛት ነገር በውኃ የሚመጣ ነው። እናቷ ደግሞ ስትጨነቅ የት ነው የምትወስዳት? ጠበል። ሰባት ቀን ሱባኤ ይዛ፣ በማለዳ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ። በሽታውም ውኃ፣ መድኃኒቱም ውኃ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ጠበሉን ሲረጩባት ምን ይሰማታል? ዝም ይልላት ይሆን? ወይስ የአንድ ምንጭ ድምፅ የነበረው የመቶ ይሆናል? ይህ ምዕራፍ በረቂቅሽ ውስጥ ጭራሽ የለም። እኔ ብሆን መጽሐፉን የምገዛው ለዚህ ምዕራፍ ብዬ ነው።

ከዚህም በላይ አለ። ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረውን ትውፊት ሳትሰሚ አታድጊም። ጻድቁ ሊያዙ ሲሉ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ውኃው መጻሕፍቱን ሳያበሰብስ መለሰላቸው። «ግሽ» የሚለው ስም ራሱ ውኃው አደራውን እንዲተፋ ከተነገረው የግእዝ ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ቃልን ሳያረጥብ የሚጠብቅ ውኃ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ የሙታንን ያልተነገረ ቃል የሚጠብቅ ውኃ ፈጥረሻል። ይህን ዝምድና ከየትም አላመጣሽውም፤ አገሩ ውስጥ ነበረ። ጻድቁን በመጽሐፉ ውስጥ አታናግሪያቸው፤ ተአምር አትጨምሪባቸው። አያቷ ማታ እሳት ዳር አደራውን ትተርክላት፤ ይበቃል። ይታይሽ ከዚያ ሌሊት በኋላ «ስጦታ» አትበል። «አደራ» ትበል። አደራ ደግሞ ሳይወዱም የሚጠብቁት ነገር ነው።

ወደ እንቢታዋ ልምጣ። እንቢታዋ ደካማ ነው። «ተራ ኑሮ መኖር እፈልጋለሁ» ትላለች። ይህ ከተተረጎመ ፊልም የመጣ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን የሰከላ ልጅ ተራ ኑሮ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ እንስራ፣ ወፍጮ፣ አረም፣ ወሊድ። አይናፍቃትም። እንቢ የምትለው የምታጣው ነገር ስላለ መሆን አለበት። ምን ታጣለች?

መጀመሪያ ዕድሜዋን እናስተካክል። በጃንሆይ ዘመን በጎጃም ገጠር 19 ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጅ ራሷ የመንደሩ ወሬ ናት። ልጃገረዶች የሚዳሩት ከዚያ በብዙ ዓመት ቀድመው ነበር። ስለዚህ ወይ ባል ይኑራት፣ ወይ ፈት ትሁን። እኔ ፈት አድርጊያት እልሻለሁ። የባሏ ቤተሰቦች «ከውኃ ጋር ታወራለች» ብለው መልሰዋታል። አንዳንዱ «ቡዳ ናት» ብሎ ስታልፍ የልጁን ፊት ይሸፍናል። አባቷ ግን በሩን ከፍቶ ተቀበላት። ምንም አልጠየቃትም። «ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው» ብቻ አላት። አሁን ዕዳ አለባት። የምትወደው ዕዳ።

ቀጥሎ መሬቱን አስቢ። ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ምን ሊናገር ይፈልጋል ብለሽ ነው? በረቂቅሽ ውስጥ ሙታኑ ስለ ፍቅርና ስለ ይቅርታ ነው የሚያወሩት። ጥሩ ነው፤ ግን ጎጃም ነሽ። ርስት አለ። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። መሬት የሚጠይቅ ሰው ከዋና አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ ጀምሮ ትውልዱን ይቆጥራል። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ነው፤ ያየና የሰማ ሰው ቃል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሳ ከፍርሃቶቹ አንዱ «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰድብኛል» የሚል ነበር። የየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ የሰው ክብሩም፣ ጠቡም፣ ሽምግልናውም እዚያው መሬቱ ላይ ነበር።

እንዲህ ባለ አገር የሙታንን ቃል የምትሰማ ሴት ምን እንደሆነች አስቢው። በማንም ሸንጎ የማትጠራ፣ ግን ሁሉም የሚፈራት ምስክር ናት። አንዱ ዘመድ ሊጠቀምባት ይፈልጋል። ሌላው ሊያፍናት ይፈልጋል። ከድንበር ጠብ ደም ይመጣል፤ ደም ደግሞ ልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል።

አሁን የመጀመሪያውን ድምፅ ስጪያት። ጎረቤታቸው፣ ደግ ሰው፣ በድንገት ሞቷል። ውኃው አንድ ቃል ብቻ ይላታል፦ «ድንጋዩ»። የወሰን ድንጋዩ ማለቱ ነው። ከዓመታት በፊት ሌሊት ተነቅሎ ወደ ሟቹ እርሻ ተገፍቷል። የገፋው የይታይሽ አባት ነው።

እንግዲህ እንቢታ ይህን ይመስላል። ከዚህ በኋላ «ለምን አትቀበለውም?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የለሽም። እንዲያውም «አትናገሪ» ብሎ የሚለምናት ይበዛል።

ሁለተኛው የተሳሳትሽው ነገር የመቀበል ቅደም ተከተል ነው። ይታይሽ መጀመሪያ በልቧ ትቀበላለች፤ ከዚያ ትሠራለች ብለሽ አስበሻል። ሰው ላይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው። ዮናስን ታውቂዋለሽ፤ በየዓመቱ በጾመ ነነዌ 3 ቀን የምናስበው ነው። ነነዌ ሂድ ሲባል ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። በዓሣ ሆድ 3 ቀንና 3 ሌሊት አደረ። ከዚያ ሄዶ ሰበከ፤ ሕዝቡም ተመለሰ። እሱ ግን ተቆጥቶ ከከተማው ወጥቶ ተቀመጠ። ሥራው ተሠርቷል፤ ቁጣው አልወጣለትም። ታሪኩ እዚያው ላይ ነው የሚያልቀው። ልብ በይ፤ «ደስ ብሎት ተቀበለ» የሚል መስመር የለም። ይታይሽም ሳትቀበለው ትሥራው። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ ሳታስበው።

እዚህ ላይ ጮቄን ቦታውን እንቀይረው። ተራራውን አትጣዪው፤ ግን የመቀበያ ቦታ አይሁን። የሽሽት ቦታ ይሁን። ይታይሽ ከምንጭ ለመሸሽ ወደ ላይ ትሄዳለች፤ ከሰከላ የቀናት የእግር መንገድ። ሰው የሌለበት፣ ሙት የሌለበት፣ ጭጋግና ብርድ ብቻ ያለበት ቦታ ፍለጋ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን እነ ጨሞጋ፣ እነ ሙጋ፣ እነ ሱሃ የሚባሉት ወንዞች የሚነሱት ከዚያው ነው። ከውኃ ሸሽታ የውኃው ራስ ላይ ወጣች። ሌሊት ጅባራ ሥር ተጠግታ ስትተኛ ከመሬቱ ውስጥ ውኃ ሲሄድ ትሰማለች። በነገራችን ላይ ጅባራ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ የሚያብብ፣ ካበበም በኋላ የሚሞት ተክል ነው። ይታይሽ ታየው፤ ግን ማንም አይተርጉምላት።

መነኩሲቷንም እዚያው ማግኘት ትችላለች። «የተመረጥሽ ነሽ» ግን አትበላት። እውነተኛ እማሆይ እንዲህ አትልም። ለአንዲት ልጅ እንዲህ ማለት ለትዕቢት አሳልፎ መስጠት መሆኑን ታውቃለች። የምትጠይቃት «ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል ልጄ?» ብላ ነው። ከዚያ ቆሎ ትሰጣታለች። ከዚያ «አንች፣ እናትሽ ታውቃለች እዚህ መሆንሽን?» ትላታለች። ይታይሽ የምታለቅሰው በዚህኛው ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር አፍ ነው። ቃሉን ሰማች እንበል። በየት በኩል ይወጣል? በረቂቅሽ ላይ በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆማ ትናገራለች። አትችልም። ማን ይሰማታል? ግን በዚያ አገር ሴት በሰው ሁሉ ፊት ቆማ የምትናገርበት፣ ወንዱም ጎንበስ ብሎ የሚሰማበት አንድ ቦታ አለ። ለቅሶ ነው። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ማንም አያቋርጣትም። ሟችን ታወድሳለች፤ ገዳዩን ትወጋለች፤ ስሙን ግን አትጠራም። ሰምና ወርቅ ነዋ።

ጎጃም ቅኔ አገሩ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ተማሪው ከየአገሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ የሚመጣበት ነው። የቅኔ ቤቱ የወንድ ቤት ሆኖ ቆይቷል፤ ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ሴት መምህር የወጡትም ከዚሁ ከጎጃም ነው። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተማሩ። ቅኔ ቤት ላልገባችው ለብዙኃኗ ሴት ግን ሰምና ወርቁ የሚፈስበት ቦይ ሙሾ ነበር። ይታይሽ የተለየ ኃይል አያስፈልጋትም። አገሩ አስቀድሞ አፍ ሰጥቷታል።

ልጅ ሆኜ ቢቸና አካባቢ አንድ ለቅሶ ላይ ያየኋት አልቃሽ ትዝ ትለኛለች። ቆማ ስታወርድ ድምፅዋ ዳሱን ያንቀጠቅጠው ነበር። ስትጨርስ ከጓዳ በር አጠገብ ተቀምጣ ውኃ ጠየቀች። ጣሳውን ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግማሹ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። «ኸረ እንዳው ዛሬስ ደከመኝ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። የስጦታ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት እኔ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። አንቺ ግን ይታይሽን መሬት ላይ ጥለሽ ታንቀጠቅጫታለሽ።

ይህን ነገር ሳልቆጣ ማለፍ አልችልም። ወድቃ ስትንቀጠቀጥ አንባቢ የሚያየው የሚጥል በሽታን ነው። በገጠራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ዛሬም «መንፈስ ነው» እየተባለ መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል። ሲወድቅ የሚያነሳው ያጣል፤ እሳት ላይ የወደቀም አለ። በሽታው ደግሞ በመድኃኒት ሊቆጣጠሩት የሚችሉት ነው። ልብ ወለድ ነው ብለሽ ይህን እምነት አታጠናክሪ፤ መውደቋን አውጪው። የምትሰማው ድምፅም እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዝ። መጽሐፍሽን ከሚያነቡት መሃል ድምፅ የሚሰማው፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይኖራል። «ይህ ስጦታ ነው፤ ሕክምና አያስፈልግም» የሚል ሰው በመጽሐፍሽ ውስጥ ትክክለኛ ሆኖ አይቅረብ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። አንድ ደግ ገጸ ባሕሪ ይህን የመሰለ ነገር ቢናገር መጽሐፉ አይጎዳም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የእውነት የአስማት ጸሎት ቃል አትገልብጪ፤ የሚያምንበትም የሚፈራውም አንባቢ ይቀየምሻል፤ ለታሪኩም አይጠቅምም። «ጎጃም» ሲባል መድኃኒት አድራጊ ደብተራ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ያን ሐሜት አታባዢው። ይታይሽን ለማስፈራራት ብለሽ ያስገባሽውን ክፉ ደብተራ ወይ ሰው አድርጊው፣ ወይ አስወጪው።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ እንደ ናሙና ውሰጂው፦

ሦስተኛው ቀን ነው። አልቃሿ ደክሟት ተቀመጠች። ይታይሽ ከሴቶቹ መሃል ናት። ቃሉ ከማለዳ ጀምሮ፣ ከእንስራው ጋር፣ አብሯት አለ። «ድንጋዩ» ይላል። ሌላ አይልም። ያልተዋጠ እህል ይመስል ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ተነሳች። ለምን እንደተነሳች አላወቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«ዕድሜው ሳይገፋ ነው ያ ደጉ የሄደው፣
እኔ የማውቀውስ የገፋው ሌላ ነው።»

አባቷ ከዳሱ ጥግ ተቀምጧል። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ አገጩን አስደግፎበት ነበር። አገጩ ከዱላው ተነሳ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት፤ «የገፋው ሌላ ነው፣ የገፋው ሌላ ነው»። ሰው ሁሉ ይወዛወዛል። እሱ ብቻ ነው ያልተንቀሳቀሰው። ማታ ቤት ስትደርስ ድምፁ ጸጥ ብሏል። ምጣዱ ተከድኗል። እራት ያስቀመጠላት የለም።

ሰሙ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ሳያረጅ ሞተ። ወርቁን የሚሰማው ድንበር የገፋው ሰው ብቻ ነው። ይታይሽ እዚህ ላይ ምንም አልተቀበለችም። አመለጣት እንጂ አልወሰነችም። ግን ከዚህ በኋላ «አልሰማሁም» ማለት አትችልም። አባቷም እንደማታውቅ ሆኖ መኖር አይችልም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩባቸውን ቀጣዮቹን ሌሊቶች ጻፊ። አትቸኩዪ። እሱ አንድ ቀን ጠዋት እንስራዋን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ውኃ ሊቀዳ ይሂድ። ወንድ ልጅ እንስራ ይዞ! መንደሩ ይስቃል። እሷ ግን ለምን እንደሆነ ይገባታል፤ ወደ ምንጩ እንዳትደርስ ነው። ወይም ራሱ ሊሰማው ፈልጎ ነው። የቱ እንደሆነ አትንገሪን።

መጨረሻውን በተመለከተ ያሉሽ መንገዶች ብዙ አይደሉም። እስከ መጨረሻው እንቢ ልትል ትችላለች፤ ያ ሐዘን ያለው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ግን አንቺ የጀመርሽው መጽሐፍ እሱ አይደለም። ስጦታው ተነስቶባት ተራ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ይህ ቀላል ማምለጫ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ወይም ሙሉ በሙሉ ትቀበላለች፤ ያንን ሞክረሽው አልሆነም።

የምመክርሽ አራተኛውን ነው። «እሺ፣ ግን» ትበል። ይህ ከአገሩ ልማድ ጋር ይስማማል። ከዛር ጋር የሚኖሩት ተደራድረው ነው። ስለት የሚሳሉት «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አደርጋለሁ» ብለው ነው። ሽማግሌ ጠብ የሚያበርደው ሁለቱንም ወገን ትንሽ ትንሽ አሸንፎ ነው። ይታይሽም ቃል ታስገባለች፤ ራሷን፣ ውኃውን፣ ወይም እግዚአብሔርን፤ ማንን እንደሆነ ራሷም በደንብ ላታውቅ ትችላለች። ቅድመ ሁኔታዎቿ ግን ጥርት ያሉ ይሁኑ። «ለሟች እንጂ ለከሳሽ አልቀዳም። ገንዘብ አልቀበልም። ከለቅሶ ቤት ውጭ አልናገርም።» ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ትጨምር፦ «የአባቴንም ቢሆን አልደብቅም።» ሦስቱ እሷን ይጠብቋታል፤ አራተኛው ያስከፍላታል። አንባቢ መቀበሏን የሚያምነው በዚህ በአራተኛው ነው። ማልቀስ አያስፈልጋትም። እንስራዋን ሞልታ፣ በሸማ ጠቅልላ አዝላ፣ ዳገቱን ትውጣ።

ገደቡንም ልንገርሽ። ይህ ሁሉ ተደርጎም «ከማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝ ይሆናል። ልብ ወለድ የቤተ ክርስቲያንን ሥራ አይሠራም፤ መንፈስን መርምሮ ይህ የእግዚአብሔር ነው፣ ይህ አይደለም ብሎ አይፈርድም። ቄሱ መጨረሻ ላይም ጥርጣሬያቸውን ይያዙ። እሷም ቅዳሴ አታስታጉል። አንዳንድ አንባቢ ይህ አይዋጥለትም፤ ቁርጡን ንገሪኝ ይላል። አትንገሪው። ቁጣዋም ሙሉ በሙሉ አይውጣ። ከዓመታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ አክብሮ ሲቆምላት እንኳ፣ ምንጩ አጠገብ ስትደርስ እግሯ ለአፍታ ይያዝ።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያዢው። ምዕራፍ 20ን አሁን አትንኪው። መጀመሪያ አባት በሩን ከፍቶ «ግቢ ልጄ» ያላትን ቀን ጻፊ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀጥሎ ጠበሉን። ከዚያ ለቅሶውን። ሙሾውን የእኔን አትውሰጂ፤ የራስሽን ግጠሚ። ስንኙ በስድስት ስድስት ቀለም ይረፍ፤ «ገፋ» ዓይነት ሁለት ፊት ያለው ቃል ፈልጊለት። ካጣሽ እናትሽን ወይም አያትሽን ጠይቂ፤ ለቅሶ ላይ የሰሙትን አንድ ስንኝ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ጮቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚያ ስትደርሺ መነኩሲቷ ምን እንደምትል ሳትጨነቂ ታውቂዋለሽ።